አቶ ዳኛቸው ከመኪናው የማይወርዱበት ምክንያት

ማክሰኞ ህዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱ ሳይዛነፍ የሚታወሰው፣ ወይዘሮ የሺእመቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ አይተው፣ «የአራት ሰዓት ቀጠሮ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ!» ስላሉ ነው። ከባለቤታቸው ከአቶ ዳኛቸው ጋር በስደት ከሚኖሩባት ከሊልበርን ከተማ ተነስተው፣ ከቡፎርድ ሃይዌይ ገባ ብሎ ወዳለው የመዋጥ ችግር መታከሚያ ክሊኒክ ከደረሱ ቆይተዋል። ሐኪሙ ግን ገና አልጠራቸውም።

አቶ ዳኛቸው ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ላለ አንድ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት ሸትል ነድተዋል፤ ከኤርፖርት እንግዳ ማምጣት፣ ወደ ኤርፖርት እንግዳ መመለስ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታቸው። እጅና እግራቸው በሦስት ወር ውስጥ ዳነላቸው፤ መኪና መንዳትም ተፈቀደላቸው። ጉሮሯቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ውሃ ሲጎነጩ ትን ይላቸዋል። ሾርባ ሲጠጡም ትን ይላቸዋል። በዚሁ ሰበብ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል።

ወይዘሮ የሺእመቤት ስለ ባላቸው ሁለት ጭንቀት ነበረባቸው። አንደኛውን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጉሮሮው ነው። ሁለተኛውን ለማንም አልተነፈሱም። አቶ ዳኛቸው ከጥምቀት ወዲህ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ያደርሷቸውና፣ «አንቺ ግቢ፤ እኔ ፓርክ ላድርግ» ይላሉ። ፓርክ ያደርጋሉ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ እስኪወጣ ከመኪናው አይወርዱም። ሁለቱ ከተጋቡ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የተጋቡትም በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋባ ሰው ከቁርባን ሲርቅ ደግሞ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወይዘሮ የሺእመቤትም ያንኑ አሰቡ። አንድ ቀን የባላቸውን ኮት ከማንጠልጠያው አውርደው አሽትተውታል። ሊጠይቋቸው ግን አልደፈሩም፤ መልሱን ፈሩት።

በመጠባበቂያው ክፍል ከፊት ለፊታቸው አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ከሴት ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። አሮጊቷ በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ እርሳሱ ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ እናቷን አየች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እናትየው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ልጅቷ አቀፈቻቸው።

«አየህ ዳኜ?» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት። «ወረቀት ሰው ሲያስለቅስ አየሁ ዛሬ። የታክስ መሆን አለበት።»

«የታክስ አይደለም» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

ዞር ሲሉ ሰማያዊ የክሊኒክ ልብስ የለበሰች፣ ፋይል ያቀፈች ወጣት ቆማለች። «ሶሪ፣ አማርኛ ስሰማ ማለፍ አልቻልኩም። ኑሃሚን እባላለሁ። እዚህ የመዋጥ ሕክምና ነው የምማረው። ፔሸንቷ አንቺ ነሽ?»

«አንቺ?» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው።

«ኦ! እርስዎ! እርስዎ ነዎት ወይ ለማለት ነው። ይቅርታ እማማ።»

«እማማም አትበይኝ፤ ገና ስልሳ አራቴ ነው። እትዬ የሺ በይኝ። በሽተኛው እሱ ነው። እኔ አፉ ነኝ።»

ይህ በቀልድ የተነገረ ቃል ነበር። ሆኖም ሐምሌ ላይ የደረሰው ስሕተት ሁሉ የመጣው እሳቸው የባላቸው አፍ በመሆናቸው ነው፤ እንዴት እንደመጣ ከዚህ በታች ይታያል።

«ለመሆኑ ምን ብለው ጠይቀዋቸው ነው ሴትዮዋ ያለቀሱት?» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት።

«የእሳቸውን ልነግርዎ አልችልም፤ አይፈቀድልኝም። ስለ ፎርሙ ግን ልነግርዎ እችላለሁ። እንዲያውም የአማርኛውን እየሠራን ነው። ሐኪሙ እስኪጠራችሁ ጋሼ ቢሞክሩልኝ ደስ ይለኛል።»

«እኛ ሞልተናል። ሐምሌ ላይ።»

«አውቃለሁ» አለች ኑሃሚን፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ። «ስለዚያም ላናግራችሁ ነበር።»

ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባቻቸው። ሦስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለባት፤ ግድግዳው ላይ የተከፈተ ጉሮሮ ሥዕል ተለጥፏል። አቶ ዳኛቸው ሥዕሉን እንዳያዩ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። ኑሃሚን ፋይሉን ከፈተች።

«ይሄ የሐምሌው ነው። በስልክ አስተርጓሚ የተሞላ። ‹ስበላ ያስለኛል› ለሚለው ‹በፍጹም›። ‹ትን ይለኛል ብዬ እፈራለሁ›፣ ‹በፍጹም›። ‹ከሰው ጋር መብላት ይከብደኛል›፣ ‹በፍጹም›። ሊትረሊ ሃያ ሁለት ጊዜ በፍጹም። በዚህ ስኮር ጋሼ ከእኔ ይሻላሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት።

«ግን በዚያው በሐምሌ ሳንባ ምች ይዟቸው ተኝተው ነበር።»

«እሱማ አለፈ።»

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ እየዋጡ ራጅ ተነስተዋል። ውሃው ወደ ሳንባ ሲወርድ ይታያል። ራጁ ታመዋል ይላል፤ ወረቀቱ ምንም አላላቸውም ይላል። ዛሬ የተጠራችሁት ሕክምናው ይቀጥል ወይስ ይብቃ ለመወሰን ነው። ወረቀቱ እንደዚህ ከሆነ ይበቃል ነው የሚባለው።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ክርክር ሲጀምሩ እጃቸው ነፃ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እኔ አልዋሸሁም። ያ አስተርጓሚ ስልኩ ውስጥ ሆኖ እየተጣደፈ ‹ይሄስ እንዴት ነው፣ ያስ እንዴት ነው› አለኝ፤ እኔም ‹እግዚአብሔር ይመስገን› አልኩት። ታዲያ ምን ልበለው? ፊቱን ላላየሁት ሰው የባሌን ጉሮሮ ልዘርዝርለት? እኔ ባደግሁበት ቤት የታመመ ሰው ገመና ይሸፈናል። ምን በላ፣ ምን አስመለሰው፣ ምን አቃተው እየተባለ አደባባይ አይወጣም።»

«እውነትዎን ነው እትዬ፤ እናቴም እንደዚያ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን ማለትዎን አልቃወምም። ግን አስተርጓሚው እሱን ሰምቶ ‹በፍጹም› የሚለው ላይ ቼክ አደረገ። ምስጋናው ለእግዚአብሔር ደርሷል፤ መልሱ ግን ለሐኪሙ አልደረሰም።»

«ሐኪሙ በራጅ አይቶ የለም እንዴ? በዓይኑ ያየ ሰው ደግሞ ወሬ ምን ያደርግለታል?»

«ራጅ ጉሮሮን ያያል። ማዕዱን አያይም። ጋሼ ሠርግ መሄድ ትተው እንደሆነ፣ ወይ ቤት ውስጥ ብቻቸውን መብላት ጀምረው እንደሆነ፣ ራጅ ከየት ያውቃል?»

ወይዘሮ የሺእመቤት ጋራዡ ትዝ አላቸው። ባላቸው ከፋሲካ ወዲህ ሳህናቸውን ይዘው ጋራዥ ውስጥ ነው የሚበሉት። «እዚያ ነፋሻ ነው» ይሉ ነበር፤ እሳቸውም አምነው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሕመምን መሸፈን ከክፋት የመጣ ልማድ አይደለም። ሰው የሚወደውን ሰው ከሰው ዓይን ሊያድን ሲል የሚያደርገው ነው። ነገር ግን የተሸፈነው ነገር ሕመምተኛው ራሱ ሊናገረው የሚገባው ሲሆን፣ ሸፋኙ ሳያውቅ የሕመሙ ረዳት ይሆናል። ኑሃሚን ይህን በአማርኛ አሳምራ መናገር አትችልም ነበርና በምሳሌ ጀመረች።

«የቻይንኛውን እንዴት እንደሠሩት ልንገርዎ? ፎርሙ መጀመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ‹ሬስቶራንት መሄድ ትቻለሁ› የሚል አለው። አስተማሪዬ ቻይናዊት ናት። ይህንን እንዳለ ወደ ቻይንኛ ገለበጡትና ለበሽተኞቹ ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ‹ኧረ አልተውኩም፣ እሄዳለሁ› አሉ። ስኮራቸው ቆንጆ። ሰውነታቸው ግን እየከሳ ይሄዳል። አስተማሪዬ ግራ ገባትና ፎርሙን ትታ አብራቸው ቁጭ አለች። ‹እዚያ ስትሄዱ ምን ታደርጋላችሁ?› አለቻቸው። አንድ ሽማግሌ ‹እቀመጣለሁ› አሉ። ‹ልጆቼ ይወስዱኛል፤ አልሄድም ብል ያዝናሉ። ስለዚህ እሄድና እቀመጣለሁ። እነሱ ከመሀል ካለው ሳህን ጥሩ ጥሩውን እያነሱ የእኔ ሳህን ላይ ያደርጉልኛል። እኔ ሰው ሳያይ በናፕኪን ጠቅልዬ ኪሴ እከተዋለሁ።›»

«ጥሩ ጥሩውን እያነሱ?»

«አዎ፣ ትልቅ ሰው ሲከበር እንደዚያ ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው።»

«ጉርሻ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ክርክር ላይ መሆናቸውን ረስተው። «ምስኪን! ኪሳቸው ሁሉ ወጥ ሆኖ!»

«ዘ ሴም ቲንግ! ከዚያ ጥያቄውን ቀየሩት። ‹ትሄዳለህ ወይ› ሳይሆን ‹የተሰጠህን ትበላለህ ወይ› አሉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተረጉማል። እንግሊዝኛውን አይቶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ቻይንኛውን ብቻ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ካልገጠመ እንደገና። መጨረሻ ላይ በሽተኞቹን ‹ይሄ ጥያቄ ምን የጠየቀዎ መሰለዎት?› ይሏቸዋል። እንጂ ዝም ብሎ ከዲክሽነሪ መገልበጥ አይደለም። አሁን የአማርኛውን እኔና ፈትያ የምትባል ልጅ ይዘነዋል። ይኸው ረቂቁ።»

ወይዘሮ የሺእመቤት መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሉ። «‹ከመመገብ ተግባር የማገኘው እርካታ ተቀንሷል።›» ቀና አሉ። «ይሄ የማነው አማርኛ? የመንግሥት መግለጫ ነው የሚመስለው።»

«የእኔ ነው» አለች ኑሃሚን አፍራ። «ወደዚህ አገር ስመጣ ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«‹እህል ያስጠላኛል› ለማለት ነው? እንደዚያ በይዋ! እሱንማ አዎ ብለሽ ጻፊ፤ እህል ያስጠላዋል። ሦስቴ ጎርሶ ነው የሚነሳው።»

«አያስጠላኝም» አሉ አቶ ዳኛቸው።

ሁለቱም ሴቶች ዞረው አዩዋቸው። አቶ ዳኛቸው ክፍሏ ውስጥ ከገቡ ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«እህል ደስ ይለኛል» አሉ እጃቸውን እያዩ። «እፈራዋለሁ እንጂ አያስጠላኝም።»

ኑሃሚን ወዲያው አልጻፈችም። «አዩ እትዬ?» አለች ቀስ ብላ። «የሚያስጠላው ሰውና የሚፈራው ሰው ሕክምናቸው ይለያያል። ለዚህ ነው ጋሼ ራሳቸው እንዲመልሱ የምፈልገው። እርስዎ... ውጭ ቢጠብቁን?»

«ውጭ?» ወይዘሮ የሺእመቤት ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። «በቁርባን የተጋባን ሰዎች ነን። አንድ አካል ነን። አንድ አካል ሁለት መልስ የለውም።»

«ትን የሚለው ግን አንዱን ጉሮሮ ነው፣ እትዬ።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት። በኋላ እንደተናገሩት፣ በዚያ ሰዓት ልጅቷን በጥፊ ማለት ወይም ማቀፍ ነበር ያማራቸው፤ የትኛው እንደሆነ አልለየላቸውም። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «አልወጣም፤ ግን አልናገርም።» የነጠላቸውን ጫፍ አጥፈው በጥርሳቸው ያዙት። አቶ ዳኛቸው ይህን አይተው፣ «በሠላሳ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነው» አሉ።

ጥያቄው ተጀመረ። አቶ ዳኛቸውም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ኑሃሚን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «አሜን። እሺ ጋሼ፣ ትናንት ማታ ራት ላይ ስንት ጊዜ ትን አለዎት?» አለቻቸው። አቶ ዳኛቸው አሰቡና፣ «አራት» አሉ። ከዚያ በኋላ መልሱ መጣ። ውሃ ከመጠጣት አፋቸው ደርቆ መዋልን ይመርጣሉ። የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሆዴን አሞኛል ብለው የቀሩት ጉርሻ ፈርተው ነው። ጋራዥ የሚበሉት ሚስታቸው ሳላቸውን ሰምተው ከማዕድ እንዳይነሱ ነው። በእያንዳንዱ መልስ ወይዘሮ የሺእመቤት ነጠላውን ጠበቅ አድርገው ይነክሳሉ።

መጨረሻ ላይ ኑሃሚን ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነበር።

«ይሄ ፎርሙ ላይ የለም። ረቂቁን ለምናስሞክራቸው ሁሉ ግን እንጠይቃለን። በዚህ ሕመም ምክንያት የተዉት፣ እኛ ግን ያልጠየቅንዎ ነገር አለ?»

አቶ ዳኛቸው ባዶውን ገጽ አዩት። መተላለፊያው ላይ አንድ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ አለፈ።

«ቁርባን» አሉ።

ነጠላው ከወይዘሮ የሺእመቤት ጥርስ ወደቀ።

«ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነው» አሉ አቶ ዳኛቸው፤ የሚናገሩት ለኑሃሚን ቢሆንም የሚያዩት ወለሉን ነበር። «ሥጋውን ተቀበልኩ። ደሙን ተቀበልኩ። ጠበሉን ስጎነጭ ትን አለኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ግጥም አድርጌ ያዝኩ። ሳሉ ይመጣል፤ እኔ እመልሰዋለሁ። ዓይኔ በእንባ ተሞላ። አጠገቤ ያሉት በጸሎት ተመስጦ ነው ብለው ትከሻዬን ዳሰሱኝ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዲት ፍርፋሪ ከአፌ ወጥታ መሬት ብትወድቅስ? አልወደቀችም። ግን ሁለተኛ እዚያ መቆም አቃተኝ። ውስጥ ገብቼ ሳልቆርብ ብቀር ደግሞ ሰው ያየኛል። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ሆኜ ቅዳሴውን በመስኮት እሰማለሁ።»

«ዳኜ» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«‹ደህና ነው› ስትያቸው እሰማሻለሁ። ለሐኪሙም፣ ለቀሲስም፣ ለጎረቤቱም። ደህና ነው ከተባልኩ በኋላ ምን ልበል?» ቀና አሉና ጨመሩ፤ «ደግሞስ የሺ፣ ማን ጠየቀኝ?»

ወይዘሮ የሺእመቤት መነጽራቸውን አወለቁ፤ ልክ እኚያ ቻይናዊት እንዳደረጉት። «እኔ እኮ» አሉ፣ «እኔ እኮ ሌላ ሴት ያለችህ መስሎኝ ነበር።»

አቶ ዳኛቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። «በዚህ ጉሮሮ?» አሉና ሳቃቸው ፈነዳ። ሳቁ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ።

«አገጭ ወደ ደረት! ጋሼ፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ! አሁን ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ» አለች ኑሃሚን ብድግ ብላ። አቶ ዳኛቸው አንገታቸውን ደፉ፤ ዋጡ፤ ሳሉ ቆመ። «ይሄ ነው የሕክምናው መጀመሪያ። ሲዋጡ እንደዚህ አንገት ከደፉ ወደ ሳንባ የሚሄደው መንገድ ይጠብባል። ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም፤ እርስዎ ላይ ግን በራጁ ጊዜ ሠርቷል።»

ወይዘሮ የሺእመቤት አንገታቸውን የደፉትን ባላቸውን ሲያዩ ቆዩ። «ቁርባን የተቀበለ ሰው እኮ እንደዚህ ነው የሚቆመው» አሉ።

የቀረ አንድ ክርክር ነበር። ኑሃሚን ረቂቁ ላይ አዲስ ጥያቄ ልትጨምር እስክሪብቶ ስታነሳ ወይዘሮ የሺእመቤት እጇን ያዟት።

«ይሄስ አይጻፍም። ሥጋ ወደሙ በክሊኒክ ወረቀት ላይ ከሳልና ከአክታ ጋር ይደረደራል? ነውር ነው።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች ኑሃሚን። «ግን እትዬ፣ ሐምሌ ላይ ይህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ቢኖር ኖሮስ?»

ወይዘሮ የሺእመቤት ከሐምሌ እስከ ህዳር ስንት እሑድ እንዳለ በልባቸው ቆጠሩ። ያን ሁሉ እሑድ ባልየው መኪና ውስጥ፣ ሚስትየው ቤተ መቅደስ ውስጥ ሆነው ሁለቱም ብቻቸውን ነበሩ። የለዩአቸው አንድ በርና አንድ ያልተነገረ ቃል ናቸው።

«ደግሞ ቁርባን ብለን ብቻ ከጻፍን አይሆንም» አለች ኑሃሚን ቀጥላ። «አማርኛ የሚናገረው ሁሉ ኦርቶዶክስ አይደለም። የፈትያ አባት ረመዳን ላይ ማፍጠሪያ ሲደርስ ከሰው ጋር መቀመጥ ትተው ነበር። እሷም ያወቀችው ዘግይታ ነው።»

«እኚያም?» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት። የኑሃሚንን እጅ ለቀቁ። ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ስሙን ሳትጠሪ ጻፊው» አሉ። «‹ትን ይለኛል ብዬ ፈርቼ ከሃይማኖቴ ሥርዓት የቀረሁበት ጊዜ አለ።› በይ። የሚያውቀው ያውቀዋል። ሥርዓቱም ክብሩን ይዞ ይቀመጣል።»

ኑሃሚን ጻፈችው። አንዲት ቃል አልቀየረችም።

«ሌላም ስጪኝ» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት ረቂቁን እየሳቡ። «ይሄንን የመግለጫ አማርኛሽን ላስተካክልልሽ። ሲሞላ ግን እኔ አልሞላም። የሚሞላው እሱ ነው።»

ሐኪሙ በአምስት ሰዓት ጠራቸው። አዲሱን ወረቀት ከራጁ ጋር አስተያይቶ ሕክምናው እንዲቀጥል ወሰነ። አቶ ዳኛቸው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ የጉሮሮ ልምምድ ጀመሩ። በቤታቸውም የሚጠጡትን ሁሉ በልዩ ዱቄት እያወፈሩ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አንገታቸውን ደፍተው መጠጣት ለመዱ። ጋራዥ ውስጥ መብላት ቀረ። ሲያስላቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ከማዕድ አይነሱም፤ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።

የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ሳህሌ ዘንድ አብረው ሄዱ። ቄሱ ታሪኩን ከሰሙ በኋላ፣ «ቆሜ ስቀድስ ማን እንደቀረ አያለሁ፤ ለምን እንደቀረ ግን አላይም» አሉ። ለበሽተኛ የሚሰጠው ሥጋ እጅግ ትንሽ ቢሆን እንደማይጎድል፣ ጠበሉም በማንኪያ መጠን እንደሚበቃ፣ የጾሙንም ሰዓት ለሕመምተኛ ማቅለል የንስሐ አባት ሥልጣን እንደሆነ አስረዷቸው። ዱቄቱ ጠበሉ ውስጥ ይግባ ወይ ለሚለው ግን «እሱስ ይቅር» አሉ፤ ኑሃሚንም በአንዲት ማንኪያ፣ አንገት ተደፍቶ ከሆነ ይቻላል ብላ ተስማማች። በሚቀጥለው እሑድ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ፣ መዋጥ እየቸገረው ከቁርባን የራቀ ሰው ካለ ቀርቦ ያነጋግረኝ ብለው ተናገሩ። በዚያው ሳምንት አራት ሰዎች መጡ። አንዷ ለሰባት ዓመት የቀሩ ናቸው።

እንግዲህ ጥቅሙ ይኸው ነው። በራሱ ቋንቋ፣ ከራሱ ማዕድና ከራሱ ሥርዓት ተነስቶ የተጠየቀ ሰው ሕመሙን ለመናገር ቃል ያገኛል። ሐኪሙ ትክክለኛውን ሕክምና ይሰጣል፤ የሳንባ ምች ይቀንሳል። የቤት ሰውም በጥርጣሬ ፋንታ እውነቱን ያገኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ማለትም አይቀርም፤ ከመልሱ በፊትም በኋላም ቦታ አለው።

እሑድ ጥር 19 ቀን አቶ ዳኛቸው ሚስታቸውን በሩ ላይ አላወረዱም። መኪናውን ራቅ አድርገው አቆሙና አብረው ገቡ። ወይዘሮ የሺእመቤት ከሴቶች በኩል ሆነው አዩአቸው። ቄሱ ሥጋውን አቀበሏቸው፤ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል ሰጣቸው፤ ጠበሉ በማንኪያ ደረሳቸው። አቶ ዳኛቸው አገጫቸውን ወደ ደረታቸው አድርገው ቆዩ። ወይዘሮ የሺእመቤት እስከ ሃያ ቆጠሩ። ሳል አልተሰማም።

የአማርኛው መጠይቅ በዓመቱ ሥራ ላይ ዋለ። ወይዘሮ የሺእመቤት የሰጡት ጥያቄ አሥራ ዘጠነኛው ነው። አቶ ዳኛቸው ሐሙስ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በልብ ሕመም አረፉ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ቆርበው ነበር።